ኮክ የመሰለችው ባክቴሪያ

«እትዬ፣ በደርግ ጊዜም ባክቴሪያ ነበር እንዴ?»

እንዲህ ያለችኝ የእህቴ ልጅ ሰሎሜ ናት፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ፣ ስልኳን እንኳ ሳታስቀምጥ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ታጠናለች። ከሐይቅ ዳር ያመጡትን ጭቃ ማሽን ውስጥ ከትተው የባክቴሪያውን የዘር ሐረግ ኮምፒውተር ላይ እንዳነበቡት ስታወራኝ፣ እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መስማት አይሆንልኝም፣ «እኛ እኮ ይሄን ለማወቅ ዓመት ይፈጅብን ነበር» ብላት ነው እንዲያ ያለችው። «የለም፣ ባክቴሪያ አገራችን የገባው ከሞባይል ጋር ነው» አልኳት። ሳቀች። ያን ጊዜ ውጭ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሮ ነበርና ያ የአፈር ሽታ በመስኮት ገባ። ይሄ ሽታ ሲመጣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም። ተነሥቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። የሚሸተው አፈሩ ሳይሆን አፈሩ ውስጥ የሚኖሩት መሆናቸውን ዛሬ ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁት እዚሁ ጉለሌ፣ ከዶክተር ዋቅጅራ አፍ ነው፤ ሰምቼም አላመንኩም ነበር።

ያኔ ጉለሌ ከተማም ገጠርም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከእንጦጦ ላይ ተንከባሎ እስከ አስፋልቱ ይወርድና፣ ከውስጡ መጀመሪያ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ብቻ፣ ቀጥሎ ከሸክሙ ሥር ያጎነበሱት ሴቶች ብቅ ይሉ ነበር። እኔ ከቀጨኔ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ በሸክላ ሠሪዎቹ በር አልፌ አስፋልት እደርሳለሁ። የአውቶቡሱ ሒሳብ ስሙኒ አይሞላም ነበር፤ ቆሜ መጠበቅ ስለማልወድ ግን በእግሬ እሄድና በሳንቲሙ ማዕዘኑ ላይ ካለው ሻይ ቤት ቦምቦሊኖ እበላበታለሁ። ቦምቦሊኖው ትኩስ ነው፣ ስኳር ግን አልተነሰነሰበትም፤ ስኳር በቀበሌ ወረፋ ነበር። ባለ ሻይ ቤቱ አንዲት ካሴት ብቻ የነበረችው ይመስለኛል፤ ስለሄደች ልጅ የሚያንጎራጉር የክራር ዘፈን፣ መሃሉ ላይ ክሩ ተጎድቶ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ይሆናል። ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በማርሽ ይመልስለታል። ልብሴማ ምን ልበላችሁ፣ አንዲት ቡናማ የቴትሮን ጉርድ፣ ከሽሮ ሜዳ የገዛኋት ቢጫ ሹራብ፣ የቻይና ሸራ ጫማ። ጸጉሬ አፍሮ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባ ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የማትሪክ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ስንቀዋለል ከርሜ ነው በአንድ የምርምር ግቢ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩት። ረዳት ማለት ዕቃ አጣቢ ማለት ነው፣ በቃ። የግቢው ዋና ሥራ የሰው በሽታ ምርመራ ሲሆን የዶክተር ዋቅጅራ ክፍል ግን ከኋላ፣ ከመጋዘኑ ጎን፣ ፀሐይ የማይገባባት ማንም የማይመኛት ክፍል ነበረች። ዶክተር ቀጭን ናቸው፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሲያልቅ ተገልብጦ የተሰፋ። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ። ያኔ እነሱ በየሰው ቤት መጋረጃ ዘግተው ነበር የሚዘምሩት፤ ለዚያ ይሆናል ዶክተር ሲናገሩም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

«የትኛውን በሽታ ነው የሚያጠኑት?» አልኳቸው መጀመሪያ ቀን።

«በሽታ የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። እኔ የምፈልገው ሌሎቹን ነው፤ ስም ያልወጣላቸውን።»

«ስም ያልወጣለት ነገር ምን ያደርጋል?»

«እሱን ብናውቅ ኖሮ ስም ይወጣለት ነበር» አሉኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር አፈር እናመጣለን። ከአፈሩ ቁንጥር ታህል በውሃ እናቀጥናለን፤ ከቀጠነው ላይ ጠብታ ወስደን እንደገና እናቀጥናለን፤ ውሃው ጠርቶ ምንም የሌለበት እስኪመስል። በሌላ በኩል ድንች ቀቅለን፣ ውሃውን ከባሕር ሣር በሚሠራ ዱቄት አርግተን፣ በመስታወት ሳህን እናፈሳለን። ያቺ የጠራች ጠብታ ሳህኑ ላይ ተቀብታ ቀናት ስትቆይ፣ ባዶ የመሰለው ውሃ ውስጥ የነበረው ሁሉ እየበዛ ለዓይን ይታያል፤ እያንዳንዷ ነጥብ ከአንዲት እናት የወጣች አንድ መንደር ናት። የሠፈር ሰው ግን ይሄን ከየት ያውቃል? «ፀዳለ ለጀርም ሾርባ ትሠራለች አሉ» ይባል ነበር የቀበሌው ወረፋ ላይ፣ «እኛ ዱቄት አጥተን!»

የመጀመሪያውን ሳህን ያየሁበትን ጠዋት አልረሳውም። የእህል ጎተራ መስሎ ነበር፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ እንደ ጠመኔ የዱቄት ልባስ ያለው፣ እንደ ጥልፍ ጠርዙ የተቆረጠ። ይሄ ሁሉ በየቀኑ በሸራ ጫማዬ ከምረግጠው አፈር! ዶክተር ጠመኔ የመሰለችውን መርጠው ክዳኑን ገርበብ አደረጉና «አሽትቺ» አሉኝ። አሸተትኩ። ዝናብ ነው። ጥር ወር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በእጄ በያዝኩት ሳህን ውስጥ ዝናብ ሸተተኝ። ከዚያ በኋላ ዕቃ አጣቢ ነኝ ብዬ አላማረርኩም።

አንድ ነገር ግን ይጎድለን ነበር። የረጋው ሳህን ከመቀባቱ በፊት ላቡ መድረቅ አለበት፤ የሚደርቅበት ንጹሕ ሳጥን ስላልነበረን ክዳናቸውን ገርበብ አድርገን ጠረጴዛ ላይ እናሳድራቸዋለን። ጠዋት ከሁላችን ቀድመው ክፍሏን የሚያጸዱት እትዬ እታፈራሁ ናቸው። ቤታቸው ቁስቋም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበው፣ ጠረጴዛውን ከሩቅ በእጃቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ ሳህኖቹን ሁሉ «ተውሳክ» ነው የሚሏቸው። «ይሄን ተውሳክ ታቅፋችሁ እየዋላችሁ ደግሞ በዚሁ እጅ ምሳ ትበላላችሁ!»

ከዕለታት አንድ ቀን ከአፈሩ ነጥቦች መሃል፣ የበሰለ ኮክ የመሰለች ነጥብ ሳህኑ ላይ ተገኘች። ቢጫም አይደለች ቀይም አይደለች፤ ስትነካ ቅቤ ነገር። ዶክተር ሳህኑን ወደ መስኮቱ አዙረው «ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ፣ በር ላይ እንግዳ እንደቆመችባቸው ሰው። በማይክሮስኮፕ ስናያት ደግሞ ሌላ ጉድ። ሌሎቹ በትር ወይም ፍሬ ይመስላሉ። እነዚህ ግን እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ አንዷ ጫፏን ለሌላዋ እየሰጠች፣ ቀለበት ሠርተው ቆመዋል። አጠገቡ ሌላ ቀለበት። አጠገቡ ሌላ። እኔ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ዶክተር ወረፋ ጠበቁኝ፤ እኔን!

እንግዲህ አዲስ ናት ለማለት ቀላል አይደለም። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው ነው፤ ከየትኛውም ከሚታወቅ ወገን ጋር ዘመድ አለመሆኗ ተጣርቶ ነው ስም የሚወጣላት። ዛሬ እነሰሎሜ ይሄን ማሽኑ ይቆጥርላቸዋል። እኛ ግን ራሷን ጠየቅናት። ወተት ሰጠናት፤ ዝም አለች። ይሄን ስኳር ሰጠናት፤ በላች። ያንን ሰጠናት፤ ዘጋችን። ጨው አልወደደችም። የሰው ገላ ያህል ሙቀት ባለው ሳጥን ስናስገባት ሞተች፤ በዚያች ቀዝቃዛ ክፍል መስኮት ላይ ስናስቀምጣት ፋፋች። እጆቼ እስከ ክርኔ ለማይክሮስኮፕ በምንቀባት ማቅለሚያ ወይን ጠጅ ሆነው እናቴ «ሙሽርነቱ ሳይደርስሽ ሂናው» ትለኝ ነበር። ወራት ፈጀብን፤ ከመጻሕፍቱ ውስጥ ወገኗ ጠፋ። በመጨረሻ፣ እንዲህ ዓይነቶቹን ሰብስቦ ወደሚያኖር የውጭ ተቋም ዶክተር ጻፉ፤ መልስም መጣ። አዲስ ትመስላለች፤ ነገር ግን የተገኘችበት ቦታ ተመልሳችሁ እንደገና አግኟት፣ ከዚያም ከነሕይወቷ ላኩልን የሚል ነው።

ተመለስን። ቆፈርን። ከዚያው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ከጎኑ፣ ከበላዩ። የለችም። ዶክተርን ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክናቸው ነበር፤ «የሷ ዓይነት ጸባይ ያላቸው ውሃ ውስጥ ነው የሚኖሩት» ይላሉ፣ «አፈር ውስጥ ምን ትሠራለች?» በዚህ መሃል የግቢው አስተዳዳሪ ጓድ ምንዳዬ፣ ካኪያቸውን ተኩሰው፣ መጡ። «ጓድ ዶክተር፣ ሰፊው ሕዝብ ክትባት ይፈልጋል፤ እርስዎ ለአፈር ስም ያወጣሉ። በጀት ዓመቱ ሲያልቅ ክፍሏ ለመጋዘን ትሰጣለች።» ዶክተር ስለ ኮኳ ሲነግሯቸው ዓይናቸውን አናቴ ላይ ጣሉ። «ከዚች ልጅ ጸጉር ላይ ወድቃ ቢሆንስ?»

ተናደድኩ እንጂ አባባላቸውስ ሞኝ አልነበረም። እንደገና ካልተገኘች ከየትም የመጣች እድፍ ናት፤ ዶክተር ይጥሏታል፣ ክፍሏም ስትዘጋ ነገሩ ያከትማል። ዶክተር ምሳ መብላት ተዉ።

በወሩ የቁስቋም ዕለት ጠዋት ነው፤ አልጋ ላይ መገላበጥ ሰልችቶኝ ከወትሮው ቀድሜ ደረስኩ። በሩ ተከፍቷል። ስገባ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ጠብታ አረፈብኝ። እትዬ እታፈራሁ መሃል ቆመው፣ ግራ እጃቸው ላይ የአረቄ ጠርሙስ፣ በቀኝ መዳፋቸው ውሃ ይረጫሉ።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

ጠርሙሱን ነጠላቸው ውስጥ ወሸቁት። «ምንም። ውሃ ነው።»

«የምን ውሃ?»

«ዝም በይ አንቺ፣ ለናንተው ነው! ማን የሚጠብቃችሁ መሰለሽ? የቁስቋም ጠበል ነው። ወር በመጣ በዕለቷ እረጫለሁ፤ ይኸው አንዳችሁስ ታማችሁ ታውቃላችሁ?»

እውነታቸውን ነው፣ ታመን አናውቅም። እኔ ግን የማየው ጠረጴዛውን ነበር። ሳህኖቹ ክዳናቸው ገርበብ እንዳለ ተደርድረዋል፤ በአንደኛው ላይ አንዲት ጠብታ ክብ ሆና ትንቀጠቀጣለች። ኮኳ ከአፈሩ ሳይሆን ከዚህ ውሃ ብትሆንስ? ዶክተር ጠበል በማይገባበት ቤት ነው ያደጉት፤ ይሄ ቢያስቡ ቢያስቡ የማይመጣላቸው ነገር ነው። እኔስ? እናቴ ቤታችንን ስትረጭ እያየሁ ያደግሁት!

«ትንሽ ይስጡኝ ከጠርሙሱ» አልኳቸው።

«ልትጠጪ?»

«ልመረምረው።»

«ሂጂ ወዲያ! ጠበል ውስጥ ጀርም ልትፈልጊ? ከዚያ ያ ምንዳዬ ይስማና ጠበሉን በሽታ አለበት ብሎ ያሳጥረው፣ እኔንም መሥሪያ ቤት ውስጥ ጠበል ረጨች ብሎ ከእንጀራዬ ያውጣኝ! አፈር ስሆን፣ ተይኝ ልጄ።»

በቃል እንደማላሸንፋቸው ገባኝ። ማይክሮስኮፑን ከፈትኩ፤ ኮኳን መስታወት ላይ አድርጌ አስተካከልኩና «ይምጡ ይዩ፤ ማንንም አታምምም» አልኳቸው። እያማተቡ ቀረቡ።

«ጸጉር ነው።»

«የራስዎ ሽፋሽፍት ነው። ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

ራቅ አሉ። ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ተንሸራቶ ወረደ፣ አላነሡትም።

«ልጄ… ክብ ሠርተው እኮ ያሸበሽባሉ።»

አየሁ። ውሃው ውስጥ ቀለበቶቹ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ፤ ከዚያ ቀን በፊት መቶ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፣ ካህናቱን ግን አላየሁም ነበር።

«ይሄ ሁሉ ሲያመሰግን እኛ አናይም ማለት ነው?» አሉ፤ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ በእግራቸው ብቻ እየታገሉ፣ የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ። በባዶ እግራቸው ሲሚንቶው ላይ ቆመው ያዩ ጀመር። ዶክተር ዋቅጅራ በር ላይ ደርሰው ነበር። አልገቡም፤ እዚያው ቆመው ጠበቁ።

የጠበሉን ነገር ለዶክተር ነግሬያቸው፣ ዕለቱን ሦስታችን ቁስቋም ወጣን። ጠበልተኛው ከታች ነው፤ እትዬ እታፈራሁ ከበላዩ፣ ውሃው ከዐለት ሥር ወደሚወጣበት ወሰዱን። ዶክተር ሳይነገራቸው ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ። ባሕር ዛፉ ጸጥ ብሏል። ውሃው እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነው፤ ከተሰነጠቀው ድንጋይ እየተንጠባጠበ፣ በድንጋዩ ሽበት ላይ፣ በዛፉ ሥር ላይ ይወርዳል። ዶክተር ተንበረከኩ። ጠብታው የሚያርፍበትን ድንጋይ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ፀሐይ ሲነካው ልብ ካላሉት የማይታይ፣ ስስ፣ የኮክ ልጣጭ የመሰለ ነገር አብርቶ ጠፋ። ስንት ዘመን እዚህ ቆመች? ስንቱ በሽተኛ፣ ስንቱ ስለት ያለበት፣ ስንት እናት ልጇን አዝላ ከላይዋ የወረደውን ጠጣ? ማንም አልጠራትም፤ እሷም ማንንም አልፈለገች። እኔ አንድ ቦታ መቆም የማልችለው ሴት፣ እግሬ እስኪደነዝዝ ቆምኩ።

ከቀናት በኋላ ኮኮቹ ሳህኑን ሞሉት። ቀለበቶቹም እነዚያው ቀለበቶች። ዶክተር ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለ ድምፅ ሲስቁ አየኋቸው፤ ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። ከየት እንደመጣች መጻፍ አለባቸው።

«ይጻፉታ!» አልኳቸው። «መጀመሪያ ጠበል ተረጭቶብን ነው ይበሉ። እውነቱ ይሄ ነው።»

«ጽሑፉ በጓድ ምንዳዬ እጅ ነው የሚያልፈው። እትዬ እታፈራሁ ከነገ ወዲያ ምን ይበላሉ?»

«እንግዲያው እንደ በፊቱ ከአፈር ነው ይበሉ።»

«በውሸት ላይ ስም አላወጣም፣ ፀዳለ።»

ተነሡና ከመስኮቱ ላይ የመጀመሪያዋን ኮክ ብልቃጦች፣ ያን ሁሉ ወር ወተትና ስኳር ያበላናትን፣ አንድ ሳያስቀሩ ጀርም በምንገድልበት የእንፋሎት ድስት ውስጥ ደረደሩ። «አበዱ እንዴ ዶክተር!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ቀስ ብለው አስለቀቁኝ። «የዚችን መገኛ መናገር አልችልም። የምንጯን ግን እችላለሁ፤ እዚያ ተንበርክኬ በእጄ ነው ያነሣኋት። ከሷ እንጀምራለን።» ክዳኑን ዘጉት። ድስቱ አፏጨ።

ከዚያ ሩጫ ነበር። በጀት ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ የተቀረን ዱቄት ትንሽ ነው። እንደ አዲስ ሙሽራ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጠየቅናት፤ ወተቱን፣ ጨውን፣ ሙቀቱን፣ ስኳሮቹን። የተራው ስኳር ሲያልቅብን ከቤት ከራሽኑ ላይ ቆንጥሬ አመጣሁ። «ጀርምሽ ደግሞ ሻይ ትጠጣለች?» አለች እናቴ፣ ቁምሳጥኑን እየቆለፈች። ሰው የቱን ምግብ እንደምትመርጥ፣ የቱን ብርድ እንደምትወድ አስቀድሞ እያወቀ ሊሰለቸው ይገባ ነበር። አልሰለቸኝም። ተመሳሳይ መልስ በሰጠችን ቁጥር ጸጉሬ ይቆም ነበር።

ክፍሏን በሚረከቡበት ጠዋት የመጨረሻው መልሷ ተነበበ። ጓድ ምንዳዬ ሰዎቻቸውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛውን ማስወጣት ጀምረዋል። ዶክተር ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጨርሳሉ። እትዬ እታፈራሁ ጠረጴዛው የተነሣበትን ጥግ ይወለውላሉ።

ጓድ ምንዳዬ ከበላያቸው ጎንበስ ብለው አነበቡ። «ከእንጦጦ ተዳፋት፣ ከምንጭ ውሃ። አፈር አልነበር እንዴ ያሉን?»

«የአፈሯን አጥፍቻታለሁ፤ ልመሰክርላት አልቻልኩም። ይቺን ከምንጭ በራሴ እጅ ነው ያመጣኋት።»

«ከየትኛው ምንጭ?»

መወልወያው ቆመ።

«ሲወጡ አሳይዎታለሁ» አሉ ዶክተር፣ «ጫማ ግን ያስወልቃል።»

ጓድ ምንዳዬ ረጅም ጊዜ አዩዋቸው፣ ቀጥለው እኔን፣ ቀጥለው ጥግ ያሉትን ሴትዮ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ብልቃጦቹ ከግቢ የሚወጡበትን ፈቃድ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፈረሙ። «ቁልፉን» አሉ። ዶክተር ሰጧቸው።

መወልወያው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ዶክተር ለውጭው ተቋም የሚላኩትን ሁለት ብልቃጦች አቀበሉኝ። «ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ። ፀሐይ እንዳይነካት፤ አውቶቡስ ውስጥም ሞተሩ ጋ እንዳትቀመጪ።»

እትዬ እታፈራሁ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደዱ፤ ባልዲው ውስጥ ሳይሆን ውጭ ቧንቧ ላይ አርሰው አመጡልኝ። ብልቃጦቹን ጠቀለልኳቸው፣ ከገላዬ ራቅ አድርጌ ያዝኳቸው፣ ጠረጴዛ የተሸከሙትን ሰዎች አሳልፌ በሩን ወጣሁ።